ከሌላ ስቴት የመጣ መጥሪያ፦ ፍርድ ቤቱ እናንተ ላይ ሥልጣን የሚኖረው መቼ ነው?

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ጉዳያችን አንዳንዶቻችሁ ደርሷችሁ የምታውቁት፣ ሌሎቻችሁም አንድ ቀን ሊደርሳችሁ የሚችል ወረቀት ነው፤ ከማትኖሩበት ስቴት የሚመጣ የፍትሐ ብሔር ክስ መጥሪያ።

በምሳሌ ልጀምር። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር የጭነት መኪና ሾፌር አለ እንበል። ኤል ኤል ሲ፣ ማለትም ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ፣ አቋቁሞ በአንድ ትራክ ይሠራል። ዳላስ ካለ ፍርድ ቤት «ጭነት አበላሽተሃል፣ 38,000 ዶላር ክፈል» የሚል መጥሪያ መጣበት። እዚህ ላይ ሰው በብዛት ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ «እኔ የቨርጂኒያ ሰው ነኝ፣ ቴክሳስ ምን ያመጣብኛል» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። ሌላው ደንግጦ በማግስቱ «ጭነቱ ሲሰጠኝም የተበላሸ ነበር፣ ዕዳ የለብኝም» ብሎ ለፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ይልካል። የመጀመሪያው ስለ ዕዳው የመከራከር ዕድሉን አጣ። ሁለተኛው ደግሞ «ይህ ፍርድ ቤት በእኔ ላይ ሥልጣን የለውም» ብሎ መቃወም ይችል የነበረውን መብት በገዛ እጁ ጣለ። ዛሬ የምናገረው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ስሕተቶች መካከል ስላለው መንገድ ነው።

አገር ቤት ፍርድ ቤት የቆመ ሰው «የሥረ ነገር ሥልጣን» የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ ፍርድ ቤቱ ይህን ዓይነት ጉዳይ ማየት ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ነው። እዚህ አሜሪካ ከእሱ ጎን ሌላ ጥያቄ አለ፦ ፍርድ ቤቱ ይህን ሰው ማዘዝ ይችላል ወይ? ጉዳዩን ማየት የሚችል ፍርድ ቤት ተከሳሹን ማዘዝ ላይችል ይችላል። ስቴቶቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥልጣን ስላላቸው፣ የሌላ ስቴት ነዋሪን ጠርቶ መፍረድ ገደብ አለው። ገደቡ የሚመነጨው ማንም ሰው ያለ ሕጋዊ ሥርዓት ንብረቱን እንዳያጣ ከሚከለክለው ከሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ነው።

የድሮው ሕግ ቀላል ነበር። እኛም ዘንድ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር፤ ሥልጣን ማለት ሰውየውን በአካል ማግኘት ነበር። የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1878 ፔኖየር በኔፍ ላይ በተባለው መዝገብ ከዚህ የማይርቅ ነገር ነው የወሰነው። አንድ የኦሬገን ጠበቃ 300 ዶላር እንኳ ለማይሞላ የጥብቅና ክፍያ ኦሬገን ውስጥ የማይኖር ደንበኛውን ከሰሰ። መጥሪያው በጋዜጣ ወጣ፣ ተከሳሹ በሌለበት ተፈረደበት፣ በኋላም ያገኘው መሬት ለፍርዱ ማስፈጸሚያ ተሸጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ሰውየው ስቴቱ ውስጥ መጥሪያ ሳይሰጠው፣ መሬቱም ክሱ ሲጀመር ሳይያዝ የተሰጠ ፍርድ ዋጋ የለውም አለ። መሬቱ ለባለቤቱ ተመለሰ።

ይህን አስተሳሰብ የሰበረው መኪና ነው። ከሌላ ስቴት ነድቶ መጥቶ ሰው ገጭቶ በዚያው የሚመለስ በዛ። ማሳቹሴትስ «በመንገዳችን የነዳ ሰው፣ በአደጋው ምክንያት ለሚመጣ ክስ የመንግሥታችንን ሹም መጥሪያ ተቀባዩ አድርጎ እንደሾመ ይቆጠራል» የሚል ሕግ አወጣች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1927 አጸደቀላት። ዛሬም ቨርጂኒያ ውስጥ ገጭታችሁ ሜሪላንድ ብትመለሱ መጥሪያው ለቨርጂኒያ የሞተር ተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት ኮሚሽነር ይሰጥና በመጨረሻ ወደሚታወቀው አድራሻችሁ ይላካል። ቤት ቀይሮ አድራሻውን ያላስተካከለ ሰው ስለ ክሱ የሚሰማው ከባንክ ሂሳቡ ገንዘብ ሲያዝ ነው። ይህ እጅግ የተለመደ ጉዳት ነው።

አሁን የምንሠራበት መለኪያ የተቀመጠው በ1945፣ ኢንተርናሽናል ሹ በተባለው የጫማ ኩባንያ መዝገብ ነው። ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱ ሴንት ልዊስ፣ ሚዙሪ ነበር። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ቢሮም መጋዘንም አልነበረውም። የነበሩት ከ11 እስከ 13 የሚደርሱ ሻጮች ናቸው። ሻጮቹ ለናሙና የያዙት ጫማ ከየጥንዱ አንድ እግር ብቻ ነበር። ደንበኛው ያንን አንድ እግር አይቶ ያዝዛል፣ ትእዛዙ ሴንት ልዊስ ሄዶ እዚያ ይጸድቃል፣ ጫማው ከዚያ ይላካል። ኩባንያው «ሽያጩ የሚፈጸመው ሚዙሪ ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ የለንም» ብሎ ለሥራ አጦች የሚከፈለውን መዋጮ አልከፍልም አለ። ለሻጮቹ ግን በዓመት ከ31,000 ዶላር በላይ ኮሚሽን ይከፍል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋናው ጥያቄ አካል የት እንዳለ ሳይሆን ከስቴቱ ጋር ምን ያህል ግንኙነት እንዳለ ነው አለ። ተከሳሹ ከስቴቱ ጋር በቂ ግንኙነት ካለው፣ ክሱም ከዚያ ግንኙነት ከመጣ፣ ጠርቶ መፍረድ ከፍትሕ ጋር አይጋጭም። ያ አንድ እግር ጫማ ሕጉን ቀየረው።

ከዚህ የወጡ ሁለት ዓይነት ሥልጣኖች አሉ፤ ሳይምታቱ መያዝ አለባቸው። አንደኛው ጠቅላላ ሥልጣን ነው፤ በማንኛውም ጉዳይ፣ የትም የሆነ ነገር ቢሆን መከሰስ። ለሰው ይህ የሚሆነው በቋሚነት በሚኖርበት ስቴት ነው። ለኩባንያ ደግሞ በ2014 ዳይምለር በተባለው መዝገብ እንደተነገረው በተቋቋመበትና ዋና መሥሪያ ቤቱ ባለበት ስቴት ነው። ስለዚህ ኩባንያ ሁሉም ቦታ ሱቅ ስላለው ብቻ ሁሉም ቦታ በሁሉም ነገር አይከሰስም። አንድ ልዩ ነገር አለ፦ ፔንሲልቬንያ እዚያ ለመሥራት የሚመዘገብ የውጭ ኩባንያ በማንኛውም ጉዳይ ለመከሰስ እንደፈቀደ የሚቆጥር ሕግ አላት፤ ይህም በ2023 በጠቅላይ ፍርድ ቤት አልፏል። ኤል ኤል ሲያችሁን በሌላ ስቴት የምታስመዘግቡ ከሆነ የዚያን ስቴት ሕግ ቀድማችሁ አስነብቡ።

ሁለተኛው ለዚያ ጉዳይ ብቻ የሚሠራ ሥልጣን ነው፤ ክርክሩ ሁሉ ያለውም እዚህ ነው። ተከሳሹ ራሱ ፈቅዶ ወደዚያ ስቴት እጁን ዘርግቶ መሆን አለበት፣ ክሱም ከዚያ የመጣ ወይም ከዚያ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፣ በመጨረሻም መጥራቱ ሚዛናዊ መሆን አለበት። «ራሱ ፈቅዶ» የሚለው ቃል ብዙ ከሳሾችን ጥሏል። በ1980 የተወሰነውን የአውዲ መኪና ጉዳይ እዩት። አንድ ቤተሰብ ኒው ዮርክ ውስጥ መኪና ገዛ፤ በኋላ ወደ አሪዞና ሲሄዱ ኦክላሆማ ላይ ከኋላ ተመትተው መኪናው ተቃጠለ። ኦክላሆማ ውስጥ ሻጩንና የክልሉን አከፋፋይ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ አይቻልም አለ። መኪና ተንቀሳቃሽ ነው፣ ኦክላሆማም ሊደርስ ይችላል፤ ነገር ግን መኪናውን እዚያ ያደረሰው ገዢው እንጂ ሻጩ አይደለም። ይህን በ2021 ከወጣው የፎርድ ውሳኔ ጋር አነጻጽሩት። አደጋዎቹ የደረሱት ሞንታናና ሚኒሶታ ነው፤ መኪናዎቹ መጀመሪያ የተሸጡት ግን በሌሎች ስቴቶች ነበር። ፎርድ «እኔ እነዚህን መኪናዎች እዚያ አልሸጥኩም» አለ። ዳኞቹ 8 ለ 0 አልተቀበሉትም፤ ፎርድ በሁለቱም ስቴቶች እነዚያኑ ሞዴሎች ያስተዋውቃል፣ ይሸጣል፣ ይጠግናል፤ ጉዳቱም ከዚያ ገበያ ጋር የተያያዘ ነው።

ጉዳት የደረሰበት ሰው የሚኖርበት ቦታ ብቻውን ሥልጣን አይሰጥም። በ2014 በተወሰነ ሌላ መዝገብ አንድ ፖሊስ አትላንታ አየር ማረፊያ ላይ 97,000 ዶላር ገደማ ጥሬ ገንዘብ ያዘ። ባለገንዘቦቹ ኔቫዳ ቤት ነበራቸውና እዚያ ከሰሱት። ፍርድ ቤቱ ፖሊሱ የሠራውን ሁሉ የሠራው ጆርጂያ ነው ብሎ ኔቫዳን ከለከለ። በኢንተርኔት ለምትሸጡም ሐሳቡ ያው ነው። ድረ ገጻችሁ ካሊፎርኒያ ስለተከፈተ ብቻ ካሊፎርኒያ አትከሰሱም፤ በርበሬና ሽሮ በየሳምንቱ ወደ ሎስ አንጀለስ እየላካችሁ ከሆነና ክሱ ስለዚያ በርበሬ ከሆነ ግን «አላውቃትም» ማለት አይሠራም።

ወደ ሾፌራችን እንመለስ። ጭነቱን ዳላስ ላይ ከጫነ ወይም እዚያ ካራገፈ የቴክሳስ ፍርድ ቤት ሥልጣን የማግኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። ቨርጂኒያ ተቀምጦ ከቴክሳስ ደላላ ጋር በስልክ ብቻ ተዋውሎ ጭነቱን ከኦሃዮ ወደ ጆርጂያ ከወሰደ ግን ጥሩ መቃወሚያ አለው። ከአንድ ስቴት ሰው ጋር ውል መፈረም በራሱ በቂ እንዳልሆነ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 በበርገር ኪንግ መዝገብ በግልጽ ተናግሯል። በዚያው መዝገብ ግን ሚሺጋን የነበረው ሰው ተሸንፏል፤ ምክንያቱም ውሉ ለ20 ዓመት የሚቆይ፣ ክፍያውና ቁጥጥሩ ከፍሎሪዳ ጋር የተሳሰረ ነበር። የራሳችሁ የትራንስፖርት ፈቃድ ያላችሁ ደግሞ ቢኦሲ-3 የሚባለውን ፎርም ሞልታችሁ በየስቴቱ መጥሪያ ተቀባይ ሰይማችኋል። ከሳሽ በዚያ ሰው በኩል መጥሪያ ሊያደርስ ይችላል። ወረቀት መድረሱና ሥልጣን መኖሩ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ፍርድ ቤቶችም ፎርሙን ለማንኛውም ክስ እንደ ፈቃድ አይቆጥሩትም።

አሁን የምናገረውን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ትንሽ ነጋዴ በብዛት የሚወድቀው እዚህ ነው። ይህ ሁሉ ሚዛን የሚያስፈልገው ፈቃድ ከሌለ ነው። ውላችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል «በዚህ ውል ለሚነሳ ክርክር የኒው ዮርክ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን እንዲኖራቸው ተዋዋዮች ተስማምተዋል» ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ አልቋል። በ1991 የመርከብ ሽርሽር ትኬት ላይ የታተመ እንዲህ ያለ አንቀጽ እንኳ የዋሽንግተን ስቴት ነዋሪዎችን ፍሎሪዳ ሄዳችሁ ክሰሱ አሰኝቷል። ከሽያጫችሁ በየቀኑ እየተቆረጠ የሚመለስ የቅድሚያ ገንዘብ ለሬስቶራንትና ለሱቅ የሚሰጡ ድርጅቶች በውላቸው ላይ የኒው ዮርክን አንቀጽ በብዛት ያስገባሉ። ድሮ ደግሞ ከውሉ ጋር «ዕዳዬን አምኛለሁ፣ ይፈረድብኝ» የሚል የቃለ መሐላ ወረቀት አስፈርመው ያለ ክርክር ፍርድ ያወጡ ነበር። ኒው ዮርክ በ2019 ሕጉን አሻሽላ ይህ ወረቀት ከስቴቱ ውጭ በሚኖር ሰው ላይ እንዳይመዘገብ ከልክላለች። የሥልጣኑ አንቀጽ ግን አሁንም ይሠራል። ከመፈረማችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች አንብቡ፤ የግል ዋስትና የሚል ካለ ከኩባንያው በተጨማሪ እናንተም በስማችሁ ኒው ዮርክ ትቆማላችሁ።

የቁራኛው ዘመን ሥርዓትም ሙሉ በሙሉ አልሞተም። በ1990 በተወሰነ መዝገብ ኒው ጀርሲ የሚኖር አባት ለሥራና ልጆቹን ለማየት ካሊፎርኒያ ሄዶ ሳለ የፍቺ መጥሪያ እጁ ላይ ተሰጠው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፈቃዱ እዚያ ተገኝቷልና በቂ ነው አለ። ለሠርግም ለልቅሶም የሄደ ሰው ሆቴሉ በር ላይ መጥሪያ ቢሰጠው ያው ነው። ተታሎ የተጠራ ከሆነ ግን መቃወም ይችላል።

ሕገ መንግሥቱ ቢፈቅድም የስቴቱ የራሱ ሕግም መፍቀድ አለበት። እነዚህ «የረጅም እጅ» የሚባሉ ሕጎች ናቸው። ካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥቱ እስከፈቀደው ድረስ ብላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሳዋለች። የእኛዎቹ ሦስቱ፣ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ፣ በዝርዝር ያስቀምጡታል፦ እዚያ ንግድ መሥራት፣ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማቅረብ መዋዋል፣ እዚያ ሆኖ ጉዳት ማድረስ፣ እዚያ የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዝ። ውጭ ሆኖ እዚያ ጉዳት ላደረሰ ሰው ደግሞ በስቴቱ ውስጥ የዘወትር ንግድ ወይም ጉልህ ገቢ እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ከሳሽ የትኛውን ንዑስ አንቀጽ እንደተመረኮዘ ካላሳየ ያ ራሱ መቃወሚያ ነው። ፌደራል ፍርድ ቤት መክሰስም ይህን አያስቀርም፤ በአብዛኛው የተቀመጠበትን ስቴት መለኪያ ይዋሳል።

ቀጥሎ አደራረሱ ነው። በፌደራል ሕግ መጥሪያው ከክሱ ጋር መሆን አለበት፤ የሚያደርሰው 18 ዓመት የሞላውና ተከራካሪ ያልሆነ ሰው ነው፤ ከሳሽ ይህን ለመፈጸም 90 ቀን አለው። እጃችሁ ላይ ባይሰጥም አብሯችሁ ለሚኖር አዋቂ ሰው መተው ይበቃል። ቨርጂኒያ ከዚህም ትሄዳለች፦ እናንተን ካላገኘ 16 ዓመት ለሞላው የቤተሰብ አባል ይሰጣል፤ እሱም ከሌለ ዋናው በር ላይ ይለጠፋል። እናት ወይም ልጅ ተቀብሎ «ረሳሁት» ማለት ተከሳሹን አያድነውም። ኩባንያ ላላችሁ ደግሞ ከሁሉ የሚብሰው ያረጀ የሬጅስተርድ ኤጀንት፣ ማለትም በኩባንያው ስም መጥሪያ የሚቀበል ሰው፣ አድራሻ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ያስመዘገባችሁት የሂሳብ ሠራተኛ ቢሮውን ዘግቶ ሄዷል፤ መጥሪያው እዚያ ይሄዳል፤ ፍርዱ ይወጣል።

መጥሪያው ሲደርስ መጀመሪያ የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ጻፉ፤ ፖስታውን አትጣሉት። ከዚያ ቀኑን ቁጠሩ። ቨርጂኒያ ሰርኪት ፍርድ ቤት፣ ዲሲና ፌደራል 21 ቀን ይሰጣሉ። ሜሪላንድ 30 ቀን፣ መጥሪያው ከስቴቱ ውጭ አሜሪካ ውስጥ ከደረሰ 60 ቀን ትሰጣለች። ካሊፎርኒያ 30 ቀን ነው። የቴክሳስ አቆጣጠር ሰው ያሳስታል፦ 20 ቀን ካለፈ በኋላ ያለው ሰኞ፣ ከጠዋቱ በሰዓታችን 4 ሰዓት። መጥሪያው ማርች 5 ቀን 2025፣ ረቡዕ ቢደርስ 20ኛው ቀን ማክሰኞ ማርች 25 ነው፤ መልሱ የሚገባው እስከ ሰኞ ማርች 31 ነው።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚገባው የመጀመሪያው ወረቀት ወሳኝ ነው። የሥልጣን መቃወሚያ አገር ቤት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ እንደምንለው ቀድሞ ካልተነሳ ይቀራል። በፌደራል ሕግ በመጀመሪያው አቤቱታ ወይም መልስ ውስጥ ካልተካተተ እንደተተወ ይቆጠራል። ቴክሳስ ከሁሉም ጥብቅ ናት፤ መቃወሚያው በቃለ መሐላ የተደገፈና ከማንኛውም ሌላ ክርክር የቀደመ መሆን አለበት። የሁለተኛው ሾፌራችን ደብዳቤ እንደ መልስ ይያዛል፤ ስለ ጭነቱ ተከራክሯልና ለዳኛው ሥልጣን ራሱን አስገብቷል።

ሥልጣን መኖሩን የማስረዳት ሸክም በመጨረሻ የከሳሽ ነው። እናንተ የምታቀርቡት የቃለ መሐላ ጽሑፍ ግን ጉዳዩን ይወስነዋል። ከመቼ ጀምሮ የት እንደምትኖሩ፣ መንጃ ፈቃድና መኪና የት እንደተመዘገበ፣ በዚያ ስቴት ቤት፣ ባንክ፣ ሠራተኛ፣ ደንበኛ እንዳላችሁ ወይም እንደሌላችሁ፣ ውሉ የት እንደተፈረመ በቀን በቀን ይጻፍ። «በሕይወቴ ረግጫት አላውቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር አትጻፉ፤ ከሳሽ የኢዚ ፓስ፣ ማለትም የመንገድ ክፍያ፣ እና የነዳጅ ካርድ መዝገብ ያስቀርባል። አንድ ቀን አልፋችሁበት ከተገኘ ዳኛው የቀረውንም ማመን ያቆማል። «ከዚህ ክስ ጋር በተያያዘ ወደዚያ አልሄድኩም» ማለት እውነት ከሆነ ይበቃል።

ዝም ብሎ ቤት መቀመጥስ? በሌላችሁበት የሚሰጠው ፍርድ ቴክሳስ አይቀርም። ሕገ መንግሥቱ አንዱ ስቴት የሌላውን ፍርድ እንዲያከብር ያዛል፤ ከሳሽ የተረጋገጠ ግልባጭ ቨርጂኒያ ያስመዘግብና ደመወዝና ሂሳብ ያስይዛል። ያን ጊዜ ቨርጂኒያ ውስጥ ማንሳት የምትችሉት «ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አልነበረውም» የሚለውን እንጂ «ጭነቱን አላበላሸሁም» የሚለውን አይደለም። በሥልጣኑ ከተሸነፋችሁ የቀረ ነገር የለም። በአንጻሩ እዚያው ቀርባችሁ ሥልጣኑን ተቃውማችሁ ከተሸነፋችሁ ያንኑ ክርክር ቤታችሁ መጥታችሁ መድገም አትችሉም፤ ይህ ከ1931 ጀምሮ የጸና ነው። በእኔ ግምት መቃወሚያው ጠንካራ ካልሆነ በቀር ቤት መቅረት አያዋጣም። ገንዘቡ ከ75,000 ዶላር በላይ ከሆነና ከሳሽና ተከሳሽ የተለያየ ስቴት ዜጎች ከሆኑ በ30 ቀን ውስጥ ጉዳዩን ወደ ፌደራል ማዛወር ይቻላል፤ ማዛወሩ የሥልጣን መቃወሚያውን አያስቀርም።

የቤተሰብ ጉዳይን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሥርዓቱ የተለየ ስለሆነ ነው። ቨርጂኒያ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ሰው አዲስ አበባ ያለ የትዳር ጓደኛውን እዚህ መፍታት ይችላል፤ አድራሻ ካልተገኘ መጥሪያው በጋዜጣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ4 ተከታታይ ሳምንት ይወጣል። ጋብቻው ይፈርሳል። ያ ፍርድ ቤት ግን በሌላው ወገን ላይ ሥልጣን ሳይኖረው የገንዘብ ቀለብ ሊወስንበት ወይም መብቱን ሊያስቀርበት አይችልም። የልጅ ቀለብም እንዲሁ ነው። በ1978 በተወሰነ መዝገብ አንድ የኒው ዮርክ አባት ልጁ ካሊፎርኒያ እናቷ ጋ እንድትኖር ፈቅዶ የአውሮፕላን ትኬት ገዛላት፤ እናትየው ካሊፎርኒያ ከሰሰችው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ ብቻ አይበቃም አለ። ዛሬ ሁሉም ስቴቶች በተቀበሉት የቀለብ ሕግ ወላጁ ከልጁ ጋር በስቴቱ ኖሮ ከነበረ፣ እዚያ ኖሮ ለእርግዝናው ወጪ ከከፈለ፣ ወይም ልጁ እዚያ የሚኖረው በእሱ ድርጊት ወይም ትእዛዝ ከሆነ መከሰስ ይችላል። በዚህ የመጨረሻ ነጥብ ላይ ክርክሩ የሚያልቀው በማስረጃ ነው፦ ትኬቱን ማን ቆረጠ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ማን አስመዘገበ፣ «እዚያ ሂዱ» የሚለውን መልእክት ማን ላከ። የቫይበርና የዋትሳፕ መልእክቶቻችሁን አታጥፉ፤ ስልክ ስትቀይሩም ከነቀናቸው አስቀምጧቸው።